ጀልባዋ ራሷ ሄደች

ሰው ጥፋቱን በዕቃ ሲያሳብብ መስማት ለሕግ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሹፌሩ «ፍሬኑ እንቢ አለኝ» ይላል፤ ዘበኛው «በሩ ራሱ ተከፈተ» ይላል፤ ገንዘብ ያዡ «ካዝናው አልቆለፍም ብሎ ነው» ይላል። እኔም እንዲህ ያለውን ቃል ስሰማ ኖሬ ጆሮዬ ደንድኗል። ስለዚህ አንድ ወጣት ጀልባ ነጂ ደንዲ ሐይቅ ዳር ቆሞ «እኔ ቀጥ አድርጌ ነው የያዝኩት፤ ጀልባዋ ናት ራሷ የሄደችው» ሲል ከሳቁት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ያ ሳቅ ስለከነከነኝ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ወደ ደንዲ ሄድን። አካባቢውን ለማታውቁት፣ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፋችሁ፣ በጥቁር አፈር የበቀለውን ጤፍ ግራና ቀኝ እያያችሁ ጊንጪ ትደርሳላችሁ። ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሐይቁ የሚገኘው ከእርሷ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተደረመሰ ተራራ አናት ላይ ነው። ከላይ ሲያዩት 8 ቁጥርን ይመስላል፤ ሁለት ክብ ውኃዎች ወገብ ለወገብ ተያይዘው ማለት ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያልፋል። አምቦ ከተማን አቋርጦ የሚያልፈው የሁሉቃ ወንዝም መነሻው ከዚሁ ነው።

ጎረቤቱ ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» ደግሞ ወንጪንና ደንዲን አስተሳስሮ ለእንግዳ አዘጋጅቷቸዋል፤ የወንጪው ሥራ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። እንግዳ ሲበዛ ጀልባ ይበዛል፤ ጀልባ ሲበዛ መቅዘፊያው ቀርቶ ሞተር ይመጣል። ከሞተሩ ጋር አብሮ መምጣት ያለበት ዕውቀት ግን መጥቷል ወይ? የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ ነው።

ያን ዕለት ስድስት ሆነን ከኋላዋ ሞተር የተሰቀለባት ጀልባ ላይ ተሳፈርን። ነጂው ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። የጀልባዋ ግንባር ወደ መሬት ዞሮ ስለነበር ለመውጣት ወደኋላ መሄድ ነበረባት። በስተግራችን፣ ወደ ኋላችን ጠጋ ብላ፣ አንዲት ትንሽ የእንጨት ጀልባ ከምሰሶ ጋር ታስራለች። (በዚህ ጽሑፍ ሁሉ ግራና ቀኝ የምለው ፊቱን ወደ ጀልባዋ ግንባር አድርጎ ለተቀመጠ ሰው ነው።) በትንሿ ጀልባ ውስጥ አንድ ልጅ ተቀምጦ፣ እጁን ጠርዟ ላይ አሳርፎ ያየናል። ዳር ላይ ውኃው ጥልቅ ስላልሆነ ነጂው ሞተሩን ትንሽ ወደ ላይ አነሳው። እጀታውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። የኋላ ማርሽ አስገባና ነዳጅ ሰጠ።

ጀልባዋ ቀጥ ብላ ወደኋላ መውጣት ሲገባት ኋላዋ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ነጂው የመሰለው ነዳጅ ያነሳት ነው፤ ጨመረ። ይባስ ብላ ወደ ግራ ሄደች። ሁሉም ነገር የተፈጸመው እስከ አምስት ለመቁጠር በማይበቃ ጊዜ ነው። የልጁ ጣቶች በሁለቱ ጀልባዎች ጠርዝ መካከል ተያዙ። ጮኸ፤ እኛም ጮህን።

ልጁ ሐኪም ዘንድ ተወሰደ። አንድ ጣቱ ተሰብሮ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል። በማግሥቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ነጂው ያንኑ ቃል ደገመ፤ «ጀልባዋ ናት ራሷ የሄደችው።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «መኪና ያለ ሹፌር ሲሄድ አይተሃል?» ብለው ጠየቁት፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሕግ ተምረሃል፤ ምን ትላለህ?» አሉኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ማሽን የራሱ ፈቃድ እንደሌለው፣ የያዘው ሰው ወደ ፈለገበት እንደሚሄድ አስረዳሁ። ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ እውነቴን ነው» ብቻ አለ። ባለ ጀልባው የሕክምናውን ወጪ ከፈለ፤ ነጂውን ግን በዚያው ቀን አሰናበተው።

«ወደ የት ሄደ? ግራ ነው ቀኝ?»

ከወር በኋላ በሌላ ጉዳይ አምቦ ሄጄ አንድ አዛውንት አገኘሁ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ባሕር ኃይሉ ሲፈርስ ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ለጨዋታ ያህል የደንዲውን ነገር አጫወትኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«የጀልባዋ ኋላ ወደ የት ሄደ? ግራ ነው ቀኝ?» አሉኝ።

«ወደ ግራ።»

«የኋላ ማርሽ አስገብቶ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ልጁ አልዋሸም» አሉ። «እኛ ይህን የተማርነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። እውነቱን የተናገረ ልጅ ነው ያባረራችሁት።»

ደነገጥኩ። ከዚያ የአምቦ ውኃውን ጠርሙስና የቡና ማንኪያውን ወደ መሐል ስበው ያስረዱኝ ጀመር። ከዚያ ወዲያም እኔ በበኩሌ ማንበቤ አልቀረም። የተረዳሁትን እንደሚከተለው ላካፍላችሁ።

ፕሮፔለር እንደ ጣሪያ ቬንትሌተር ነው፤ ክንፎቹ ጠመም ያሉ ናቸው። ሲሽከረከር ውኃውን ወደኋላ ይገፋል፤ ውኃውም በአጸፋው ጀልባዋን ወደፊት ይገፋል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቃለን። የማናስበው ግን እያንዳንዱ ክንፍ ውኃውን ወደኋላ ብቻ ሳይሆን በጥቂቱ ወደ ጎንም እንደሚገፋ ነው፤ ምክንያቱም ክንፉ ራሱ የሚሄደው ወደ ጎን ነው። አብዛኞቹ ባለ አንድ ሞተር ጀልባዎች ወደፊት ሲሄዱ፣ ከኋላ ሆኖ ለሚያያቸው ፕሮፔለራቸው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል። ላይ ያለው ክንፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ታች ያለው ክንፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይቀዝፋል ማለት ነው። የላይኛውና የታችኛው ግፊት እኩል ቢሆኑ ኖሮ እርስ በርስ ይጣፉና ጀልባዋ ምንም ሳይሰማት ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። ችግሩ እኩል አለመሆናቸው ነው።

ይህን በቀላሉ ለመረዳት ጋሪ አስቡ። የጋሪ ጎማ ዘንግ ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ ስለሆነ ጎማው ወደፊት ይንከባለላል። በዱሮ ጊዜ ከሱዳን በባሮ ወንዝ ወደ ጋምቤላ ይመጡ የነበሩት፣ ከኋላቸው ትልቅ መንኮራኩር ያላቸው የእንፋሎት ጀልባዎችም እንዲሁ ነበሩ፤ መንኮራኩሩ ውኃውን እንደ ጋሪ ጎማ እየረገጠ ወደፊት ይወስዳቸዋል። የፕሮፔለር ዘንግ ግን ከኋላ ወደ ፊት የተዘረጋ ነው። እንደ ጎማ ቢቆጠር የሚንከባለለው ወደፊት ሳይሆን ወደ ጎን ነው! ፕሮፔለሩን ሐይቁ ወለል ላይ ብታስነኩት እንደ ጎማ እየተንከባለለ ኋላዋን ወደ ጎን ይዟት ይሄድ ነበር። ወለሉን ባይነካም፣ የታችኛው ክንፍ ከላይኛው የተሻለ መርገጫ ባገኘ ቁጥር ይኸው ነገር በትንሹ ይደርሳል። የባሕር ሰዎች «ፕሮፔለሩ ይራመዳል» የሚሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ደንዲ እንመለስ። ወደፊት ሲሄድ እንደ ሰዓት ቆጣሪ የሚዞር ፕሮፔለር የኋላ ማርሽ ሲገባ በተቃራኒው ይዞራል። የታችኛው ክንፍ አሁን የሚቀዝፈው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ውኃው ወደ ቀኝ ሲገፋ የጀልባዋ ኋላ በአጸፋው ወደ ግራ ይሄዳል። ልጁ የተቀመጠውም በግራ በኩል ነበር።

የታችኛው ክንፍ ለምን ያሸንፋል?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ታች ያለው ውኃ ስለሚከብድ ነው» የሚል ነው። ስህተት ነው። በአንድ ክንድ ጥልቀት ውስጥ የውኃው ክብደት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። ትክክለኛዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው አየር ነው። ፕሮፔለሩ ለውኃው ገጽ ሲቀርብ የላይኛው ክንፍ ከላይ አየር ይስባል። አየር የተቀላቀለበት ውኃ አረፋ ነው፤ አረፋ ደግሞ መርገጫ አይሆንም። ጭቃ ላይ እንደሚንሸራተት እግር የላይኛው ክንፍ በከንቱ ይዞራል፤ ታች ያለው ግን ንጹሕ ውኃ ይዞ ይገፋል። ልብ በሉ፤ ነጂያችን ዳር ላይ ወለሉን እንዳይነካ ብሎ ሞተሩን ወደ ላይ አንስቶት ነበር። ለጥንቃቄ ያደረገው ነገር ፕሮፔለሩን ለአየር አጋለጠው። በዚያ ላይ ነዳጅ ሲጨምር አረፋውም ጨመረ።

እዚህ ላይ የደንዲ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በ2,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ሳሳ ማለት ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ሞተር ደንዲ ላይ 30 እንኳ አይሞላም። ነጂው ጀልባዋ አልነሳ ስትለው ነዳጁን ይከፍታል፤ ፕሮፔለሩ በኃይል ይሽከረከራል፤ ጀልባዋ ግን ገና አልተንቀሳቀሰችም። ይህ ወደ ጎን መራመድ በጣም የሚጎላው ልክ በዚህ ጊዜ ነው፤ ጀልባዋ ቆማ ፕሮፔለሩ ሲቸኩል።

አዛውንቱ በዚህ ጊዜ የአምቦ ውኃውን ከፈቱት። ተንፈስ ሲል አረፋው ገንፍሎ ወጣ። «ክዳኑ ሳይከፈት አረፋውን አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም። ግፊቱ ሲቀንስ ነው የሚወጣው። በፍጥነት ከሚዞር ክንፍ ጀርባም ግፊቱ እንዲሁ በጣም ይወርድና ውኃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። ደጋ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ለዚህም ባቄላው አልበስል እንደሚል እናቶቻችን ያውቃሉ። ከላይ የሚጫነው አየር ባነሰ መጠን አረፋው ቶሎ ይመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ሞተራቸው በሆዳቸው ውስጥ ያሉ፣ የፕሮፔለራቸው ዘንግ ከታች ወጥቶ የሚታይ ትልልቅ ጀልባዎችን ይመለከታል። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ ወደ ጣና የመጣችው «ጣና ነሽ 2» እንደሚያሳየን ሐይቆቻችን ላይ ትልልቅ ጀልባዎችም እየመጡ ነውና ይህንንም ማወቅ ይጠቅማል። እንዲህ ያለች ባለ አንድ ፕሮፔለር ጀልባ ወደኋላ ስትሄድ፣ ፕሮፔለሩ ውኃውን እየጠመዘዘ ወደፊት፣ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወረውረዋል። በቀኝ በኩል ያለው ውኃ ወደ ላይ እየወጣ የጀልባዋን ጎን ይመታል፤ በግራ በኩል ያለው ወደ ታች እየወረደ ከሆዷ ሥር ያልፋል። አንዱ ጎን ብቻ ሲመታ ኋላዋ ወደ ሌላው፣ ማለትም ወደ ግራ ይገፋል። በእነዚህ ጀልባዎች ላይ ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው ወደፊት ሲኬድ የሚታይ ነው። የእነዚህ ጀልባዎች ዘንግ ወደኋላ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ በቀኝ በኩል ወደ ታች የሚወርደው ክንፍ ውኃውን ይበልጥ ቆንጥጦ ይይዛል፤ በግራ በኩል ወደ ላይ የሚወጣው ያንሳል። ይህ ለጊንጪ ገበሬ ማስረዳት የማያስፈልገው ነገር ነው። ከተጠመዱት በሬዎች የቀኙ ከበረታ ጥማዱ ወደ ግራ ይዞራል። ጀልባዋም ግንባሯ ወደ ግራ፣ ኋላዋ ወደ ቀኝ ይላል። አውሮፕላን ላይም ይኸው አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገባቸው ዓይነት አውሮፕላኖች ጅራታቸው መሬት ላይ፣ አፍንጫቸው ሽቅብ ነበር። ሲንደረደሩ የሁለቱም ፕሮፔለሮች ቀኝ ክንፍ ስለሚበረታ አፍንጫቸው ወደ ግራ ይጎትታል፤ አብራሪው በቀኝ እግሩ ፔዳሉን ረግጦ ያቀናዋል። አብራሪው ግን «አውሮፕላኑ ራሱ ሄደ» አይልም፤ ከመብረሩ በፊት ስለተነገረው።

ታዲያ ወደፊት ስንሄድ ይህ ሁሉ ለምን አይታወቀንም? ትልቅ ጀልባ ወደፊት ስትሄድ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውኃ በቀጥታ መሪው ላይ ያርፋል፤ ነጂው መሪውን በትንሹ አዙሮ ሳያስበው ያቀናታል። ወደኋላ ሲሆን ግን ውኃው ከመሪው ይሸሻል። መሪው ሥራ ይፈታል፤ ኋላዋን የሚያዛት ፕሮፔለሩ ብቻ ይሆናል። እንደ ደንዲዋ ያለች፣ ሞተሯ ከኋላ የተሰቀለ ጀልባ የተሻለ ዕድል አላት፤ ሞተሩ ራሱ ስለሚዞር ወደ ተፈለገው ጎን መሳብ ይቻላል። የምትራመደውም ከትልቋ ያነሰ ነው። ነገር ግን ይህ የሚጠቅመው አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። እጀታውን ቀጥ አድርጎ የያዘ ሰው ጀልባዋም ቀጥ ብላ የምትሄድ ይመስለዋል።

ጠላት ወይስ አገልጋይ?

ይህ ነገር የተበላሸ ሞተር ምልክት አይደለም። እንግሊዛዊው ስሚዝና ስዊድናዊው ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1836 ፕሮፔለርን በየፊናቸው በስማቸው ካስመዘገቡ ጀምሮ አብሮት ያለ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባለ ፕሮፔለሯን «ራትለር»ን ከባለ መንኮራኩሯ «አሌክቶ» ጋር ኋላ ለኋላ አስሮ ገመድ አጓተታቸው፤ ባለ ፕሮፔለሯ ጎትታ ወሰደቻት። ዓለም ፕሮፔለርን የመረጠው ይህን ጠባዩን ይዞ ነው። የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሁለት ፕሮፔለር ይገጥምና አንዱን ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ እያዞረ ያጣፋቸዋል። አንድ ብቻ ያለው ደግሞ ጠባዩን አጥንቶ ይገለገልበታል።

አዋቂ ነጂ መሳፈሪያው በስተግራው እንዲሆን አድርጎ በትንሹ ሰያፍ ይገባል። ሊደርስ ሲል የኋላ ማርሽ አስገብቶ ለአፍታ ነዳጅ ይሰጣል። ጀልባዋ ትቆማለች፤ ኋላዋም ወደ ግራ ተራምዳ ራሷን ከመሳፈሪያው ጋር ታስተካክላለች። የማያውቀው ሰው ጣት የሰበረበት ያው ግፊት ለሚያውቀው ሰው እንደ ረዳት ሆኖ ጀልባ ያስጠጋለታል።

የጀልባን ጠባይ ለማወቅም ዲግሪ አያስፈልግም። አዛውንቱ እንደነገሩኝ፣ ጀልባዋን በገመድ አስሮ የኋላ ማርሽ ማስገባትና ቀስ ብሎ ነዳጅ መስጠት ነው። የሚታወከው ውኃ በቀኝ በኩል ከወጣ ኋላዋ የሚሄደው ወደ ግራ ነው፤ በግራ ከወጣ ወደ ቀኝ። ይህ በትልልቆቹ ጀልባዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። በትንሿ ጀልባ ደግሞ ሰው በሌለበት ገላጣ ውኃ ላይ እጀታውን ቀጥ አድርጎ ወደኋላ መሄድና ወዴት እንደምትል ማየት ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ልማድ ነው። በምትራመድበት ጎን ሰው ወይም ሌላ ጀልባ ካለ ሞተር አለማስነሳት፣ በመቅዘፊያ ገፍቶ ወደ ጥልቁ መውጣት። ሞተሩን ከፍ አድርጎ ነዳጅ አለመክፈት። ወደኋላ ከመሄድ በፊት ኋላዋን ወደ ሌላው ጎን እንዲስብ ሞተሩን ጥቂት ማዞር። ጀልባዋ ከመስመር ስትወጣ ነዳጅ መጨመር ሳይሆን ዜሮ ማርሽ ማስገባት። ለተሳፋሪም ሆነ አጠገብ ላለ ሰው «እጃችሁን ከጠርዙ አንሱ» ማለት። ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ደንዲ ላይ «ማሽን ፈቃድ የለውም» ብዬ የፈረድኩት ፍርድ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስህተት ነበር።

ትክክሉ ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ ጥፋት አልሠራሁም፣ ወይም የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም፣ ወይም ልከላከለው አልቻልኩም ብሎ ማምለጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ «ጀልባዋ ራሷ ሄደች» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም ባለ ጀልባውን ከካሣ አያድነውም። የልጁን ሕክምና መክፈሉ ተገቢ ነበር።

ስህተቴ የነጂው ነው። ቁጥር 2031 የሙያ ጥፋትን ይመለከታል። አንድ ባለሙያ የሚጠየቀው ባለመጠንቀቁ ወይም ግዴታውን በግልጽ ባለማወቁ፣ ከሳይንስ እውነታ ወይም ሙያው ከተቀበላቸው ደንቦች አንጻር ሲያጠፋ ነው። ሕጉ ራሱ ሳይንሱን ጠይቁ ይለናል ማለት ነው! እኔ ግን አልጠየቅኩም። ሳይንሱን ብጠይቅ ኖሮ፣ ነጂው የተናገረው እውነት መሆኑን፣ የጎደለው ሐቀኝነት ሳይሆን ትምህርት መሆኑን አውቅ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም «ሙያው የተቀበለውን ደንብ ለዚህ ልጅ ማን ነገረው?» የሚል ይሆን ነበር። ሞተር ገዝቶ እጁ ላይ ያስጨበጠው ሰው ያን ጥያቄ ሳይመልስ ነው ያሰናበተው።

አገሩ ዕውቀቱ ጠፍቶበት አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም በዓለም ውቅያኖሶች ላይ በሚቀዝፉ ግዙፍ መርከቦች የሚሠሩ ኢንጂነሮችን ያሠለጥናል፤ የሚያኮራ ነገር ነው። ነገር ግን ደንዲና ወንጪ ላይ ያነጋገርኳቸው ጀልባ ነጂዎች በሙሉ ሥራውን የተማሩት አንዱ ከሌላው እያየ ነው። ለቤት መኪና መንጃ ፈቃድ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ዋና የማይችሉ ስምንት ሰዎች አሳፍሮ ጥልቅ ውኃ ላይ ለሚወጣ ልጅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ማሰባችን ይገባል። ማኅበራቱም፣ ሎጆቹም፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶቹም ይህን ለማድረግ የሚያስፈልጋቸው አንድ ገመድ፣ አንድ ጀልባና አንድ የሚያውቅ ሰው ነው።

ከአምቦ ስመለስ ጊንጪ ላይ ወረድኩና ወጣቱን አፈላልጌ አገኘሁት። ባጃጅ እየነዳ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ሻይ ቤት ገብተን በማንኪያ እያሳየሁ፣ የተማርኩትን ሁሉ ነገርኩት። በዝምታ አዳመጠኝና፣ «ወደፊት ስትሄድስ ጋሼ? በሌላው ጎን ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ወደ ቀኝ ነው» አልኩት።

ፈገግ አለ። «ለካ ለዚህ ነው ነዳጅ ስከፍት እጀታው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚጎትተኝ። የእኔ እጅ ነበር የሚመስለኝ።»

በእጁ ሲያውቀው የኖረውን ነገር ምክንያቱን የሚነግረው ሰው ነበር ያጣው። እኛ ግን ሲነግረን ሳቅንበት።

ቸር ይግጠመን።